ሦስቴ የተመዘገቡት ጋሽ እንድሪስ

ጥር 6፣ ጠዋት 3፡00
ሥዕሉን ከኢንተርኔት የምዝገባ ቅጹ ላይ አወጣሁት። ቅጹ ግርጌ «ሰው ከሆኑ መኪና ያለበትን ይምረጡ» የሚለውን። ጋሽ እንድሪስ ባለፈው ምዝገባ ከውጫሌ ደውለው የቱ ነው መኪናው፣ ልጄ? ብለው አሳፍረውኛል። የሥነ ዜጋ መምህሬ ናቸው፣ ዓይነ ስውር። ስልካቸው ጽሑፍ ያነብላቸዋል፣ ሥዕል አያነብም። በምትኩ ወጥመድ አስቀመጥኩ፤ በዓይን የማይታይ የመሙያ ሳጥን። ማስታወቂያ የሚረጨው ማሽን ያገኘውን ሁሉ ይሞላል። ይህን የሞላ ቅጽ ወደ ቆሻሻ ማኅደር ይጣላል። ሰው አያየውም፣ አይሞላውም። ጎበዝ ነኝ እኮ ደብተሬ፣ አድንቀኝ እንጂ!

4 ሰዓት ላይ የመምህራን ሥልጠና ምዝገባ ይከፈታል።

ጥር 8፣ ቀን 8፡00
አንድም የማስታወቂያ ኮተት አልገባም። ቅጹን ያሠራኝ የትምህርት ጽ/ቤት አመስግኖኛል። ጋሽ እንድሪስ ደወሉ። በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው መልስ አልመጣላቸውም። «ላክ» የሚለውን ሳይነኩት ቀርተው ይሆናል አልኳቸው። ነክቼዋለሁ አሉ። ድገሙት አልኩና ቸኩዬ ዘጋሁ፣ ባጃጅ እየጠበቀኝ ነበር።

ሥልጠናውን የወሰደ መምህር ላፕቶፕ ያገኛል። ጋሽ እንድሪስ የተማሪ ፈተና የሚያርሙት ዛሬም ሰው እያነበበላቸው ነው። ላፕቶፕ ቢኖራቸው ተማሪው ጽፎ ያስገባል፣ እሳቸው በጆሯቸው ያርማሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ሲለምኑ!

ጥር 13፣ ቀን 7፡00
እንደገና ደወሉ። ሦስቴ ልከዋል። ኔትወርክ ይሆናል አልኩ። ኔትወርክ ላይ ማላከክ ለምዶብኛል። መቀመጥ አቃተኝ፣ ሐይቁ ዳር ወጥቼ ተመለስኩ። ዓሣ ሻጯ ብትጠራኝም አልቆምኩም። ምን ሆኛለሁ?

ጥር 14፣ ጠዋት 2፡00
የስልኬን ጽሑፍ አንባቢ ከፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ የገዛ ቅጼን ሞላሁ። ስም አለኝ። ሞላሁ። ስልክ አለኝ። ሞላሁ። አድራሻ አለኝ። ዓይኔን ገለጥኩ። ስክሪኑ ላይ አድራሻ የሚባል የለም። ወጥመዱ ነው! ከዓይን ደብቄው ከጆሮ አልደበቅኩትም።

የቆሻሻ ማኅደሩን ከፈትኩ። በሎተሪና በጸጉር መድኃኒት መሀል እንድሪስ፣ እንድሪስ፣ እንድሪስ። መጀመሪያ «ውጫሌ» ብለዋል። ቀጥሎ «ውጫሌ፣ መስጊዱ አጠገብ»። በሦስተኛው «ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊ በር»። ያጎደሉ መስሏቸው እየጨመሩ። አለቀስኩ።

4፡30
ሳጥኑን ከአንባቢውም ደበቅኩት። ምናልባት ቢሰማ እንኳ «ባዶ ይተዉት» እንዲል አደረግኩ። ሻይ ሳይፈላ ያለቀ ሥራ። የሠልጣኞቹ ዝርዝር ግን ትናንት ሞልቶ ተዘግቷል። የጽ/ቤቱ ኃላፊ ወ/ሮ አለምነሽ በስልክ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆዩ፣ ሲስተም ተበላሸ በያቸው አሉኝ። የምን ሲስተም? የሠራሁት እኔ! የመጀመሪያው ቅጽ ሰዓት፦ ጥር 6፣ 4 ሰዓት ከ2 ደቂቃ። ከሁሉም ቀድመዋል። ሦስቱንም አተምኩ።

5፡10
ልነግራቸው ደወልኩ። አፌን ሳልከፍት፦
«አብሽሪ ልጄ፣ አራተኛ ልሞክር እንዴ?»
አይሞክሩም ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኳቸው። መናኸሪያ ነኝ፤ ጽ/ቤቱ ወዳለበት ወደ ውጫሌ የሚሄደው መኪና እየሞላ ነው። ወረቀቶቹን ይዤ ወ/ሮ አለምነሽ ቢሮ እገባለሁ። ስማቸው ሳይጻፍ አልወጣም።