ቦርሳ ላቀለሉልን ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር አቶ አትናቴዎስ
የእግር ጉዞ ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ
መሐል ሜዳ

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቀኝ ክንድዎ ያን ያህል ከሠራ በኋላ ድካሙ እንደለቀቀው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በድንኳን ሰፈር ለእንግዶች ምግብ የማበስለው ጌታነሽ ነኝ። ደኅና ነኝ። ተሸካሚው ወንድሜ ይታየው ግን ክንዱ ተሰብሮ፣ የፊት ጥርሶቹ ረግፈው ስለተኛ፣ ምስጋናውን በእሱ ፈንታ እኔ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ቦርሳ ስለመረጡልን እናመሰግናለን። በሌላ አገር ተራራ የሚወጡ ሰዎች እጅግ ቀላል ቦርሳ እንደሚመርጡ አንብበው፣ ጀርባው ብረት ያለውን ትተው እንደ ሻሽ የሳሳውን አመጡልን። ባዶውን በሚዛን አንጠልጥለው ሲደሰቱም አይቻለሁ። ድንኳንና የጋዝ ምድጃ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ለመጠየቅ ግን ጊዜ አላገኙም። በእኛ አገር በቅሎ ስትጫን አስቀድሞ ጀርባዋ ይዳሰሳል። የወንድሜን ጀርባ ማንም አልዳሰሰም፤ በቅሎ አይደለማ።

ሁለተኛ፣ ያም ከብዶ ስለታየዎት፣ ሚዛኑ ይበልጥ እንዲወርድ የወገብ ቀበቶዎቹን በካራ ቆርጠው ጣሉልን። ሸክሙን ዳሌ ላይ የሚያሳርፈው፣ ቦርሳውንም ከገላ ጋር አጥብቆ የሚይዘው ያ ቀበቶ ነበር። ተሸካሚዎቹ ይህንኑ ቢነግሩዎት «ላባ ያቃተው ትከሻ ለገብስ ነዶም አይሆን!» ብለው አሳቁብን። ገደሉን ስንወርድ ያ ላባ በወንድሜ ጀርባ ላይ ተወዛወዘና ወደ ጎን ጎትቶ ጣለው። እሱ የጓሳ ሣር ጨብጦ ተንጠለጠለ፤ ማንገቻው ተበጠሰ፤ ቦርሳው ወርዶ ቀረ፣ ሰውየው ተረፈ። የተረፈው ሌላኛው ቢሆን ደስ ይልዎት እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሕክምናው። በኩታዬ ስበን ካወጣነው በኋላ፣ ገና ተንበርክኮ ሲያቃስት፣ በእንግዶች ፊት በከዘራዎ ደረሱለት። የመጀመሪያው ክንዱ ላይ አረፈ፤ ድምፁን ስሰማ ከዘራው የተሰበረ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛው አፉን አገኘው። ሦስተኛው ደግሞ ትከሻው ላይ ማንገቻው የላጠውን ቁስል አፈነዳውና ደሙ ጫማዎ ላይ ተረጨ። መሐረብ ሲያወጡ ጊዜ ልቤ ለስለስ ብሎ ነበር፤ የጠረጉት ግን ጫማዎን ነው። ከዚያም አራተኛውን ጨመሩለት።

በመጨረሻም እሑድ ዕለት ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ልከው፣ ፖሊስ ሲጠይቀኝ ወንድሜ ወድቆ ተሰበረ እንድል ሊያስለምኑኝ ስለሞከሩ ከልብ አመሰግናለሁ። ጌታነሽ ዝምተኛ ናት፣ ዝም ትላለች ማለትዎን ሰምቻለሁ። አልተሳሳቱም፤ እስካሁን የሚነገር ነገር አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ያየሁትን ለፖሊስ ተናግሬ ፈርሜያለሁ፤ ለዳኛውም እደግመዋለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ከገበያው በር ላይ የለጠፍኩት፣ ተሸካሚ ሁሉ ቀበቶ የሌለውን ቦርሳ ከማንሣቱ በፊት ደግነትዎን እንዲያውቅ ብዬ ነው።

ችሎት ፊት በሙሉ ጤና ቆመው ለማየት እየጓጓሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

ጌታነሽ፣ የይታየው እኅት

ማስታወሻ፦ ሽማግሌዎቹ ልመናውን ከማድረሳቸው በፊት በሽተኛውን እንይ ብለው ልብሱን ገልጠውለት ነበር። የከዘራዎን ሰንበር ሲያዩ ልመናውም እርቁም እዚያው ቀረ። ሐሰት እንድናገር የላኳቸው እርስዎ መሆንዎን ሊመሰክሩ ሦስቱም ስማቸውን አስመዝግበዋል። ምስክር መርጠው እስከ ቤቴ ድረስ ስለላኩልኝ እግዜር ይስጥልኝ።