ዋጋ የሌለው ስሜ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ምርጫ ጣቢያ ኃላፊ፤
ደባርቅ

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ከምርጫው ወዲህ የሰመረ ይሁን እያልሁ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ ነው። ባለቤቴ ወለተ ሥላሴ ካረፈች ወዲህ ገብሴን ራሴ አጭዳለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ስሜንም ያለ ማንም እርዳታ እጽፋለሁ። ከመሠረተ ትምህርት የተረፈኝ ይኸው ነውና ፊደሌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ።

አንደኛ፣ የትንሹ ፓርቲ ዕጩ መምህር ያርጋል ከዳባት ሊያነጋግረን በመጣ ዕለት አዳራሹን ስለ ቆለፉልን አመሰግናለሁ። ቁልፉ ጠፍቷል ብለውን በዝናብ ቆመን ሰማነው። በማግሥቱ ትልቁ ፓርቲ ድምፅ ማጉያውን በመኪና ጭኖ ሲመጣ ቁልፉ መገኘቱ ግን እግዚአብሔር ምን ያህል እንደሚወድዎ ያሳያል።

ሁለተኛ፣ በማዳበሪያ ሰልፍ ላይ ለማያሸንፍ ሰው ድምፃችሁን አታባክኑ ብለው ስለ መከሩን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ጎረቤቴ ክንዴ፣ ያርጋልን ወድጄው ነበር፣ ግን ብቻዬን ምን አመጣለሁ አለኝ፤ ሌላው ጎረቤቴ ሙሌም ብቻዬን አለኝ፤ የሙሌ አማችም እንዲሁ። እነዚህ ብቻቸውን የሆኑ ሰዎች ቢሰበሰቡ አዳራሽዎ ባልበቃቸው ነበር።

ሦስተኛው የራሴ ነው። እመርጥሃለሁ ብዬ ለያርጋል በገበያ መካከል ቃል ሰጥቼዋለሁ። ስለዚህ መጋረጃው ውስጥ ገብቼ፣ በያርጋል ፓርቲ ምልክት፣ በቀንበሩ ትይዩ ምልክቴን አድርጌ፣ ከሥሩ ስሜን እስከ አባቴ ጻፍሁ። በአደባባይ የሰጠሁትን ቃል ጨርቅ ውስጥ ልሸሽገው ኖሯል? በማግሥቱ በጣቢያው በር ላይ የለጠፉትን ውጤት ሳነብ፣ ቀንበር ዜሮ፣ «ዋጋ የሌለው» አንድ ይላል። ስም የተጻፈበት ወረቀት ዋጋ የለውም ብለው አስረዱኝ። ወይፈኔ ዋጋ አለው፣ ገብሴም ዋጋ አለው፤ እኔ እንደሌለኝ እንኳን ነገሩኝ። ያርጋል ግን ዜሮዋን አይቶ፣ ዋሽተውኛል ብሎ፣ ዳባት ላይ ሰላምታዬን ሳይቀበል አለፈ።

ያቺን ወረቀት ያሳዩልኝ ብዬ ብለምንዎ ታሽጋለች አሉኝ። ደግ፤ እንግዲያው ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ። ጣቢያው ድረስ በቅሎውን ላዋሰኝ ለነጋዴው ለባሽር ኮርቻውን እጠግንለታለሁ። ለወለተ ሥላሴ የሙት ዓመቷን አወጣለሁ። ለያርጋል እስከሚቀጥለው ምርጫ ኖሬ፣ ያለ ስም፣ የሚቆጠር ድምፅ እሰጠዋለሁ። ለእርስዎም ውለታዎን አልረሳም፤ ያስተማሩኝን ይዤ ብቻዬን ባዩን ሁሉ ቤት ለቤት እየዞርሁ አሰባስበዋለሁ።

ዋጋዬን ከእርስዎ ያወቅሁ፣ አክባሪዎ
መልከ ጼዴቅ ገብረ ሚካኤል
በገዛ እጄ ጻፍሁት

ማሳሰቢያ፦ በሩ ላይ በለጠፉት ውጤት ግርጌ የእርስዎም ስም እስከ አባትዎ ተጽፎበታል። ስም ያለበት ወረቀት ዋጋ የለውም ያሉኝ እርስዎ ነዎት፤ ይንቀሉት።