የላላው የቴፕ ላስቲክ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

አምስት ሰልጣኝ ይዤ ዋልኩ። "ፍሬን፣ ፍሬን" ስል ስል ድምፄ ተዘጋ። የመጨረሻዋ ነርስ ናት፤ መሪውን እንደ በሽተኛ እጅ ቀስ አድርጋ ነው የምትይዘው። ዛሬ የለበሰችው ቲሸርት ላይ... የኛ ባንድ ፎቶ! ሦስታችንም፣ ጸጉራችን ትከሻችን ላይ ተበትኖ። ታጥቦ ታጥቦ የኔ ፊት ጠፍቷል። ከየት አመጣሽው ብላት የእናቴ ነው አለች፣ ልጅቷ ራሷም ዘፈኖቹን በቃሏ ታውቃቸዋለች። የእናቷ! ዘፋኙ እኔ ነኝ ልበላት? መላጣዬን በስፖኪዮ አየሁና ተውኩት።

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ሽቦ ደወለ። ጊታሪስታችን፤ ድሮም ቀጭን፣ ዛሬም ቀጭን። የድሮው አዳራሽ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ መጀመሪያ የተጫወታችሁበት እናንተ ናችሁና ኑ ብለውናል አለ። እሺ አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ያንን የዘፈናችንን የመጨረሻ ረጅም ጩኸት ግን ከየት ላመጣው ነው? ስልሳ አንድ ዓመቴ እኮ ነው።

ጥቅምት 16፣ እሁድ

ልምምድ፣ በመዶሻ ጋራዥ። ድራም ስለሚመታ ነው መዶሻ ያልነው። ጩኸቱ ላይ ስደርስ ድምፄ እንደ ጎረምሳ ድምፅ ተሰነጠቀ። ማይኩ ነው አልኩ። ማይኩ ተቀየረ። ደግሞ ተሰነጠቀ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ሽቦ ለዘብ ብሎ፣ የጊታሩን ክሮች ላላ እናድርጋቸውና ዘፈኑ ዝቅ ይበል፣ ማን ያውቅብናል አለኝ። ደሜ ፈላ። "እንደተቀዳው ካልሆነ አልዘፍንም" ብዬ ወጣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲል ከኋላዬ ሰማሁት። የት አባቱ።

ጥቅምት 17

ሽቦ ጋ ደውዬ ሌላ ዘፋኝ ፈልጉ አልኩት። መልሱን ሳልጠብቅ ስልኩን ዘጋሁ።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ጉድ ነው የዛሬው።

ሳህን እያጠብኩ ነው። ልጄ ክፍሏ ውስጥ ካሴት ከፍታ አብራ ጊታር ትመታለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ትሠራለች። ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ ጊታር የተማረችው በኔ አሮጌ ቴፕ፣ ከኛው ካሴት ነው። እኔ የራሴን ድምፅ መስማት ስለማልወድ ሁሌ በሯን ትዘጋለች። ዛሬ ረሳችው። ሳላስበው ማንጎራጎር ጀመርኩ... ከዚያ መዝፈን... ከዚያ ጩኸቱ መጣ።

ወጣ! ጥርት ብሎ ወጣ። ሳህኑ ከእጄ አመለጠኝ።

ሮጣ መጣች። "አባዬ፣ አንተ ነህ?"

ሄጄ ቴፑን ሰማሁት። ዝግ ያለ ነው፤ ድምፁም ወፍሮ ወርዷል። ከፈትኩት። ላስቲኩ ላልቶ ካሴቱ እየተጎተተ ነው የሚዞረው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ነው የተማረችው? ክሯን ከካሴቱ ጋር እያስማማች፣ ሁሉንም ዘፈን ዝቅ አድርጋ? ነገርኳት።

"እኔ የማውቀው ዘፈን ይሄ ነው አባዬ" አለች። "የወደድኩትም ይሄንኑ ነው።"

ሽቦም ያለኝ ይህንኑ ነበር። ከሱ አልሰማም ያልኩትን ከልጄ ሰማሁት።

ጥቅምት 23፣ እሁድ

አንገቴን ደፍቼ ጋራዥ ሄድኩ። ልጄ ጊታሯን ይዛ ከኋላዬ። ይቅርታ አልኩ፤ ክሩንም ላላ አድርጉት አልኩ። ሽቦ መቼ ያሳልፈኛል፣ እንደተቀዳው ነበር እኮ ያልከው አለኝ። እንደተቀዳው ነው፣ በኛ ቤት ቴፕ አልኩት። መዶሻ እስኪያስለው ሳቀ።

እንደ ቴፑ ዝግ ብለን ልንጫወት ስንል ችግሩ የኛ እጅ ሆነ። የአርባ ዓመት ልማድ ነው፣ ይሮጣል። ልጄ "ጋሼ፣ ቀስ" ትለዋለች ሽቦን። ጋሼ ሽቦ! ኮስተር ብሎ ይታዘዛታል። በመጨረሻ ሁለት ጊታር ሆነን እንውጣ ያለው ራሱ ነው። ቀስ ሲል ዘፈኑ ከበደ፤ ዕቃ እንደጫነ መኪና መሬት ይዞ ይሄዳል። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው።

ኅዳር 5

ነገ ነው። ጫማዬን ሦስቴ ወለወልኩ።

ኅዳር 7፣ እሁድ

ትናንት ተጫወትን። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሽበታም ብቻ ነበር የጠበቅኩት። እሱስ መጥቷል፣ ግን ልጁን ይዞ፣ አንዳንዱም የልጅ ልጁን። ነርሷ ከፊት ቆማለች፣ እናቷን አቅፋ። ቲሸርቱን የለበሰችው በዚህ ጊዜ እናትየው ናት። ነርሷ ስታየኝ አፏን ያዘች። አሁንም ፍሬን የምላት ሳይመስላት አልቀረም።

ጩኸቱ ሲደርስ ፈራሁ፣ አልዋሽም። ዞሬ ልጄን አየኋት። ራሷን ነቀነቀችልኝ። ጀመርኩ... ወጣ። ግማሹ ላይ ግን የራሴን ድምፅ መለየት አቃተኝ። እናትና ልጅ፣ አያትና የልጅ ልጅ፣ ሁሉም እኩል ይጮኻል። ከየት ተማሩት? እንደ ልጄ ከየቤታቸው ነዋ። አለቀስኩ። ምን ያሳፍራል?

ዛሬ ጠዋት ልጄ የቴፑን ላስቲክ ላስቀይረው ወይ አለችኝ። እንዳትነኪው አልኳት። ካሴቱን አስገባሁ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ ራሴን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። በሩን ማናችንም አልዘጋነውም።