የጅራታ ሸክላ

መቱ፣ ሚያዝያ 1977 ዓ.ም.

ውድ ምንዳዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ይህን ደብዳቤ በፖስታ ልልከው አልደፈርኩም። ያመጣችልህ እትዬ ጥሩ የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከቀሚሷ ገበር ውስጥ የሰፋሁላት እኔው ነኝ። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

እውነቱን ልንገርህና፣ ካየሁህ ቀን ጀምሮ አላመንኩህም። ክርና ቁልፍ ልትሸጥልኝ ሱቄ የገባህ ዕለት ዓይንህ ያረፈው ጥግ ላይ አቧራ ከለበሰው የሸክላ ማጫወቻዬ ላይ ነበር። "እትዬ፣ አሮጌ ሸክላ አለዎት? በአዲስ ካሴት እለውጥልዎታለሁ" አልከኝ። የምትፈልገውም ስመ ጥሮቹን አልነበረም። በስድሳዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሸክላ አስቀርጸው ድምፃቸው የጠፋውን ዘፋኞች ነበር። ጤነኛ ሰው የታወቀውን ትቶ የጠፋ ሰው ስም ምን ብሎ ይለቅማል? አልኩ በልቤ። በዚህ ዘመን የጠፋ ሰው የሚፈልገው ማን እንደሆነ አንተም ታውቀዋለህ።

ከማዶ ጨርቅ የሚሸጡት ኦቦ ኩመራ በዓይናቸው ሸኝተውህ፣ "ነምኒ ኩን ኤኙ? ማነው ይሄ ሰው?" አሉኝ።

"ክር ሻጭ ነው።"

"ክር ሻጭ ከቀበሌ ሊቀመንበር ጋር እየተሳሳቀ ይወጣል?"

ኬላው ላይ የሁላችን ቅርጫት ሲበረበር ያንተ ሻንጣ አይከፈትም ነበር። ብጠይቅህ፣ "ሊቀመንበሩም እኮ የሠርጉን ዘፈን ፈልግልኝ ብሎኛል፤ ማን ያስከፍተኛል?" ብለህ ሳቅህ። እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ አንድ ቀን የወንድሜን ስም ጠራህ። "የጅራታን ሸክላ ያውቁታል?" ስትለኝ መርፌዬን ጨርቁ ላይ ሰክቼ ተውኩት። ጅራታ ለመቱ ሰው የሞተ ነው። በቀይ ሽብር ጊዜ ሲታደን እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ እድርተኛው ድንኳን ተክሎ፣ አልቅሰንለታል። እሱ ግን ኖፓ ላይ፣ ከእናታችን ወገኖች ዘንድ፣ በሌላ ስም ቡና ይለቅም ነበር። ከነሱ በቀር ይህን የምናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነን።

"አላውቀውም" አልኩህ።

"እኔ አንድ ነበረችኝ፤ ግን ተጭራለች። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ትዘላለች። እዚያ ላይ ምን እንደሚል ሳልሰማ ብቀር ይቆጨኛል" አልክ።

ምን እንደሚል እኔ አውቃለሁ፦

ብጠፋ አትዘኑ ቢደበዝዝ ኮቴዬ፣
ኖፓ ፈልጉኝ እንጂ ካያቶቼ ቀዬ።

ታዲያ እንዴት አልጠርጥርህ? ከዘፈኑ ሁሉ የቸገረህ ያቺው ስንኝ! የኔው ሸክላ ደግሞ አንድ ደንበኛ አሰፍቶ ሳይወስደው በቀረ ካፖርት ገበር ውስጥ ሆኖ፣ ከራስህ በላይ ተሰቅሎ ነበር።

ስለዚህ ወጥመድ ዘረጋሁልህ። "ሰውዬው ሞቷል፤ የእናቱ አገር ግን ኡካ ነው ሲባል ሰምቻለሁ" አልኩህ። ይህን ለሌላ ለማንም አልተናገርኩም። ታጣቂ ኡካ ከወረደ ማንነትህ ይለይልኛል ብዬ ነው። በገበያው ቀን፣ ኡካ ቅቤ የምትነግደው ጓደኛዬ ሽብሬ መጣች።

"አገሩ ደህና ነው? ታጣቂ ምናምን አልመጣባችሁም?"

"የምን ታጣቂ? አንድ እብድ ነጋዴ ነው እንጂ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ 'ጅራታ የሚባል ዘፋኝ ታውቃላችሁ?' እያለ በየደጁ ሲዞር ሰነበተ። ምን ያደርግልሃል ቢሉት፣ 'አንድ ስንኝ ጎድሎኛል' ይላል።"

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ፈራሁ። ጆሮ ጠቢ ባትሆን እንኳ፣ ሞተ ያልነውን ሰው ስም በየደጁ የምትጠራ ሰው ሆነህ ተገኘህ። ዘፈኑን ያሰማሁህ ስንኟን ካገኘህ ፍለጋውን ትተዋለህ ብዬ ነው እንጂ አምኜህ አልነበረም።

በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ካፖርቱን ተርትሬ ሸክላውን አወጣሁት። ድምፁ ውጭ እንዳይሰማ የስፌት መኪናዬን ባዶውን መርገጥ ጀመርኩ። አንተ አጎንብሰህ ጆሮህን አስጠጋህ። ስንኙ ሲደርስ ፊትህ በራ፤ ከንፈርህም አብሮ አለው። ከዚያ ቀስ በቀስ ፊትህ ጠቆረ። የማጫወቻውን መርፌ ራስህ አነሳኸው።

"ከደበቁት ወዲህ ይህን ሌላ ማን ሰምቶታል?"

"ማንም።"

"እትዬ ዱሬቲ፣ ሰውዬው..." አልክና አፍህን በእጅህ ያዝክ። "አይንገሩኝ። ብያዝ እንዳላወጣ፣ አይንገሩኝ። መቀስዎን ይስጡኝ።"

ኡካ ድረስ ጭቃ የረገጥክለትን ሸክላ በልብስ መቀስ ቆራርጠህ ከካውያዬ ፍም ውስጥ ጨመርከው። ሽታው ሁለታችንንም አሳለን። ከዚያ የተጫረችውን ያንተን ሸክላ ከሻንጣህ አውጥተህ ሰጠኸኝ።

"ይቺን ያስቀምጡ" አልከኝ። "ይቺ አትናገርም።"

ይህን አይቼም አላመንኩህም። ሊያዘናጋኝ ቢሆንስ? አልኩ፤ ስንኙን እንደሁ በቃልህ ይዘኸዋል። በማግስቱ ኖፓ ሰው ላክሁና ጅራታ ከዚያ ለቀቀ። ከዚያ ወዲያ ደጄ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ልቤም አብሮ ይቆም ነበር። ክረምቱ አለፈ፣ ቡናው ተለቀመ፤ ኖፓን የረገጠ ታጣቂ ግን የለም። ጅራታም ድንበር ተሻግሮ እጃቸው ከማይደርስበት ገብቷል፤ ቃሉ ደርሶኛል። እንዲህ ገልጬ የምጽፍልህም ለዚህ ነው።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ገበያ አንድ ጫማው የጸዳ ሰው መጣና፣ "ምንዳዬ ልኮኝ ነው፤ አሮጌ ሸክላ እሰበስባለሁ" አለኝ። አንድ ተራ ሸክላ ሰጠሁት። የሸክላዋን ፊት በአውራ ጣቱ ተጭኖ ተቀበለኝ፤ አንተ እኮ ከጠርዟ በቀር ነክተህ አታውቅም። የዘፋኙን ስም እንኳ አላነበበም። የጠየቀኝ ሁሉ ስላንተ ነው፤ መቱ ስትመጣ የት ታድራለህ፣ ከማን ጋር ትውላለህ፣ ሸክላዎቹን ለማን ታደርሳለህ።

"ያ የበሰበሰ ክር የሚሸጠው? ሰድቤ ካባረርኩት ቆየሁ!" አልኩት፣ ኦቦ ኩመራ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። እሳቸውም ከማዶ ሆነው፣ "እውነቷን ነው፤ ሌባ ነው!" አሉልኝ።

እንግዲህ ወደ መቱ አትምጣ። የሰበሰብካቸውንም ከቤትህ አርቃቸው። ስለኔ ከጠየቁህ "ልብስ ሰፊዋ ሰድባ አባረረችኝ" በል፤ ቃላችን አንድ ይሁን።

ሰውዬው ሊወጣ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "አይፍሩ፤ ምንዳዬ እኮ የኛው ሰው ነው" አለኝ። ድሮ ጆሮ ጠቢ መሆንህን እንዲህ ቢነግሩኝ ሌሊቱን ሙሉ ባልተኛሁ። አሁን ግን ለቅጽበት እንኳ አላመንኩትም።

ሰድባ ያባረረችህ፣
የመቱዋ ልብስ ሰፊ