አንድ ወንበር ጨምሩ፦ የእትዬ ወንበር የሕይወት ታሪክ

እናታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከገበያው ጀርባ ባለው የእንጨት ሥራ ቤት ግቢ ተወለዱ። ከሰባት ልጆች አራተኛ በመሆናቸው ታላላቆቹን ከታናናሾቹ ማስታረቅ የእሳቸው ድርሻ ነበር። ገዢ ያልመጣለት ወንበር ሁሉ በግቢው ተደርድሮ ስለሚቆይ፣ የተጣላ ጎረቤት እዚያ ገብቶ ተቀምጦ መነጋገርን ለምዶ ነበር፤ እሳቸውም ገና በልጅነታቸው ወንበር አቀባይ ሆኑ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ካጠናቀቁ በኋላ የጽሕፈት ሙያ ተምረው በከተማው ውሃ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። የቢሯቸው መስኮት ዋናውን መንገድ ያሳይ ነበር። ያንኑ መንገድ የውሃ ሠራተኞች ሲቆፍሩት፣ የመንገድ ሠራተኞች ሲደፍኑት፣ አስፋልቱ ሳይደርቅ ደግሞ የስልክ ሠራተኞች መልሰው ሲቆፍሩት አዩ። አለቃቸውን እነዚህ ሰዎች አይተዋወቁም እንዴ ብለው ቢጠይቁ፣ አለቃው ሳቅ ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እናታችን ግን ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። የሦስቱንም መሥሪያ ቤት ፎርማኖች ወደ አባታቸው ግቢ ጠርተው ክብ አስቀመጧቸው። የሚቀጥለው መንገድ የተቆፈረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በሃያ አራት ዓመታቸው በአባታቸው ዘንድ ሙያ ይማሩ ከነበሩት ወጣት አናጺ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

የሕይወታቸው ትልቁ ሥራ የሕፃናት ማቆያው ነው። የገበያ ሴቶች ልጆች በመደብ ሥር፣ በጆንያ መካከል ሲተኙ ማየት አንጀታቸውን ይበላው ነበር። ማንንም ለስብሰባ ከመጥራታቸው በፊት ሥራ ቦታው ሄደው ግማሽ ቀን አብረው ይቀመጣሉ፤ ሰው የሚፈራውን ሳያውቁ እንዲሰጥ አይጠይቁም ነበር። በዚህ መንገድ የነጋዴዎች ማኅበር ባዶ መጋዘኑን፣ የሴቶች ማኅበር ጉልበቱን፣ ውሃ ጽሕፈት ቤቱ የቧንቧ መስመሩን፣ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ነርሱን ሰጡ። ለእያንዳንዱ አባል ከእንጨት ሥራ ቤቱ አንድ ወንበር ወጣለት። ደንቡም አጭር ነበር። ወንበሮቹ ክብ ይሆናሉ፤ በሩ ላይ የማንም ስም አይጻፍም፤ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ውሳኔ አይተላለፍም።

አዲስ አጋር በመጣ ቁጥር «አንድ ወንበር ጨምሩ» ስለሚሉ እትዬ ወንበር የሚለው ስም ወጣላቸው። የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯም፣ እትዬ ወንበር መንግሥተ ሰማያት የገቡ ቀን መላእክቱ ወንበር ሲያቀብሉ መዋላቸው ነው እያሉ ያስቁን ነበር።

ከአጋሮቹ ሁሉ የሚቀርቧቸው የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሐኪሙ ነበሩ። እናታችን «ወንድሜ» ይሏቸዋል፤ ሐኪሙም «እቴ» ይሏቸዋል። ከማዕዳችን የቆረሱ፣ ታናሽ እህታችን በታመመች ጊዜ ከደጃችን ሳይጠፉ የሰነበቱ ሰው ናቸው። ይህም እውነት ስለሆነ እዚህ ተጽፏል።

ትልቋ ልጃቸው በሌላ ከተማ ልትወልድ ምጥ ጠንቶባት ሆስፒታል ስትገባ፣ እናታችን ሊያስታምሟት ሄደው ሰነበቱ። በዚያው ሰሞን የማቆያው ዘበኛ የእናታችንን ወንበር በትከሻው ተሸክሞ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ መጣ። ለጥገና አድርስ ተብዬ ነው አለ። አባታችን ወንበሩን ገልብጠው አዩት፤ እግሮቹን ወዘወዙ፤ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው መቱ። ምንም አልሆነም። እናታችን የልጅ ልጃቸውን ስመው ሲመለሱ፣ አባታችን ወንበሩን ፊታቸው አስቀምጠው «ምኑን ልጠግነው?» አሏቸው።

እናታችን ቦርሳቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ወደ ማቆያው ሄዱ። በሩ ላይ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ስም ብቻ ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። የሕፃናቱ ፍራሽ አጥር ሥር ተከምሯል። ውስጥ ወንበሮቹ በረድፍ ሆነው ፊታቸውን ወደ አንድ ጠረጴዛ አዙረዋል፤ አባላቱ ተቀምጠውባቸዋል፤ ከጠረጴዛው ኋላ ሐኪሙ አሉ። ቤቱ የጽሕፈት ቤቱ ዕቃ ማከማቻና አዳራሽ እንዲሆን ሁሉም ተሰብስበው ወስነዋል። ባዶ ወንበርም አልነበረም።

እናታችን ወንበራቸው ምን እንደ ነካው ጠየቁ።

«እቴ፣ ባዶ ሆኖ ሥራ እንዳያስቆም ብለን ነው» አሉ ሐኪሙ። «ስትመለሺ እናስረዳሻለን ብለን ነበር።»

የነጋዴዎች ማኅበር ተወካይ ስልካቸውን ነካኩ። ቀልደኛዋ ሊቀ መንበር ጫማቸውን ያዩ ነበር።

«ዘበኛውን አልቀየመውም፤ የተላከውን ነው ያደረገው» አሉ እናታችን። «እናንተ ግን የእኔ ቦታ ሲጎድል ተጠጋግታችሁ ሞላችሁት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐኪሙን «ክቡር ኃላፊ» እንጂ «ወንድሜ» ብለው ጠርተው አያውቁም።

አባታችን መጋዛቸውን ወደ ጓሮ አዛውረው፣ የሥራ ቤቱን ጠርዝ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ለሕፃናቱ ለቀቁ። ከድሮዎቹ ፎርማኖች አንዱ የውሃ መስመር ሳቡላቸው። ቦታው ግን አልበቃም፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ተመልሰው መደብ ሥር ገቡ። እናታችን ከገበያ በተመለሱ ቁጥር ራት አይበሉም ነበር። በየወሩ መጀመሪያ ወንበሮቹን ክብ አድርገው የቀድሞ አጋሮቻቸውን ሁሉ ይጠሩ ነበር። ጥቂቶች መጡ። ቀልደኛዋ ሊቀ መንበር ቆይተውም ቢሆን መጥተው አልቅሰው ተቀመጡ። ሐኪሙ አንድም ቀን አልመጡም።

እናታችን በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ሕመሙ ሲጸናባቸው ለቀብራቸው የሚጠሩትን ሰዎች ለልጆቻቸው ነገሩ። ከእነሱም መካከል የሐኪሙን ስም ጠሩ። ታናሽ ልጃቸው ይቅር ብለዋቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

«ይቅር ብያለሁ አላልኩም» አሉ። «ጥሯቸው ነው ያልኩት።»

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ እህትና ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም በእንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ ዛሬም የሚውሉትን ሕፃናት ትተው ሄደዋል።

ዛሬ በዚህ ግቢ መቀመጫው ክብ የሆነው ስለዚህ ነው። በራስጌያቸው ያለው ባዶ ወንበር የእሳቸው ነው። ማንም እንዳያነሣው፣ ተጠጋግቶም ቦታውን እንዳይሞላው ቤተሰቡ ይለምናል። ከጎኑ ያለው የሐኪሙ ነው፤ ይምጡ አይምጡ ይህ ሲጻፍ አልታወቀም።

ሰውን ሁሉ ለማስቀመጥ ዕድሜያቸውን ቆመው የኖሩትን እናታችንን፣ አምላክ ማንም በማያስነሣቸው ስፍራ ያስቀምጥልን።