ላሚን ለከሊል የመታው ኮራ

ይድረስ ለውዷ አማቴ ለእማማ ሰሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኔና ልጆቹ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ቶኮዛ በኮሮና ምክንያት ሰርጉም ድግሱም ስለቀረ፣ ጋምቢያዊው ጎረቤታችን ላሚን ኮራውን ይዞ ቤት ውሏል። ኮራ ከትልቅ ቅል የተሠራ፣ ሃያ አንድ ክር ያለው፣ ክራር የሚመስል ያገራቸው መሣሪያ ነው። ልጅዎ ከሊል ጠዋት ሱቁን ሲከፍት፣ «ላሚን፣ እስቲ አንዴ ምታልኝ፤ እናቴ ግቢ ያለሁ ይመስለኛል» ይለው ነበር።

ከሊል ያልደወለልዎ ድምፁ ስለደከመ ነውና አይቀየሙት። ሆስፒታል የተኛበት ክፍል እኛን አያስገቡንም፤ ነርሷ ግን ደግ ናት፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ትይዝልናለች። ትናንት ላሚንን ለመንኩትና ግማሽ ሰዓት ያህል መታለት፤ እኔ ስልኩን ወደ ክሮቹ አስጠግቼ ያዝኩ። ሲጨርስ ነርሷ፣ «ዓይኑን አልገለጠም፤ ጣቶቹ ግን ተንቀሳቀሱ» አለችኝ። ይህን ለላሚን ስነግረው እንደገና መምታት ጀመረ።

እማማ፣ ከሊልን በልጅነቱ ያስተኙበት የነበረውን እሹሩሩ በስልክ አስቀድተው ይላኩልኝ። ላሚን በኮራው ሊያጅብዎት ይፈልጋል። ደብዳቤው እንደደረሰዎ፣ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይላኩልኝ።

አላህ ሁላችንንም ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን።

ልጅዎ ሸፊቃ