ወፍ የሌለበት ሳይክል

ሰኞ፣ ሜይ 18። ከሥራ መልስ።

የግራው ፔዳል ዘንግ ላይ ያለውን ሥዕል አስለቅቄ ጨረስኩ። የቀኙ ይቀራል። አሴቶን፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ትዕግሥት። የቤታችን ምድር ቤት ነኝ፣ ደብተሬ። ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነው የምጽፍብህ፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ብሸትህ አትቀየመኝ።

አባዬ አያውቅም። ሳይክሉን ሱቅ ወስጄዋለሁ፣ ሰርቪስ ያስፈልገዋል አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ብሪን ሰፈር ያለ ሳይክል ጥገና ቤት ነው የምሠራው። የዒድ ስጦታ ነው። አዲስ ሰንሰለት፣ አዲስ ፍሬን፣ ከዚያ ደግሞ ጽሑፍና ሥዕሉ ሁሉ ጠፍቶ ንጹሕ ሰማያዊ። ፋብሪካው ምልክቱን፣ ነጭ ወፍ፣ ያላተመበት ቦታ የለም፦ ዋናው ቱቦ ላይ፣ የሰንሰለት መሸፈኛው ላይ፣ ደወሉ ላይ፣ ዘንጎቹ ላይ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው የሚመስለው። ሱቃችን የሚመጣ ወጣት ሁሉ አሁን ምንም ያልተጻፈበትን ነው የሚፈልገው። ያምራል። ሌባም ዞር ብሎ አያየውም።

ኮርቻው ኋላ ጫፍ ላይ ያለችውን ወፍ ማስለቀቅ አላስፈለገኝም። ቀድማ ተፍቃ አልቃለች፣ ክንፏ ብቻ ቀርቶ ነበር። ምን እንደፋቃት እንጃ።

ሐሙስ፣ ሜይ 21። 10፡00።

ዛሬ ሱቅ ወሰድኩት። የዋናው ቱቦ ሥዕል አስቸገረኝ። በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ላጥኩት፣ ተነሣ። ወፏ ግን አልሄደችም! ሳይክሉን አባዬ ኖርዌይ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ነው ግሮንላንድ ሰፈር ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛው። በእሱ ነው አልናብሩ ወዳለው የዕቃ ማራገፊያ ሥራው ሲመላለስ የኖረው፣ በረዶም ይሁን ዝናብ። ሃያ ምናምን ዓመት ፀሐይ ዙሪያውን አደብዝዞታል፣ ከሥሯ ያለው ቀለም ግን እንደ ጥንቱ ነው። ጥላዋ ቁጭ ብሏል።

ውሃ የነካው የአሸዋ ወረቀት። መጀመሪያ አንድ ሺህ ቁጥር፣ ቀጥሎ ሁለት ሺህ፣ ቀጥሎ ማወልወያ ቅባት። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ጠፋች። አለቃዬ አይቶ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል አለኝ። ኮራሁ፣ ምን ልደብቅህ።

አባዬ መርሳት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። የሰው ስም፣ የበራ ምድጃ፣ ስንት ረከዓ እንደሰገደ። ሳይክሉን ግን ረስቶ አያውቅም። ጋልቦ ግሮንላንድ ይሄዳል፣ ቅመም ይገዛል፣ ይመለሳል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ለብቻው የሚሠራት ነገር ይህቺ ጉዞ ብቻ ናት። ሲያየው ምን እንደሚል ጓጉቻለሁ።

ረቡዕ፣ ሜይ 27። ዒድ።

ሰግደን ተመለስን። አባዬን ምድር ቤት ወሰድኩት፣ ሳይክሉ ላይ ያለውን ጨርቅ ገለጥኩ።

ማሻአላህ አለ። ዞረው። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን በአውራ ጣቱ ዳበሰ፣ ሄደ መጣ፣ የሆነ ነገር እንደሚፈልግ። ከዚያ የማን ነው አለኝ። ያንተ ነው አልኩት። ሳቀ፣ የጨዋ ሳቅ። የኔማ ወፍ አለበት አለ።

አስረዳሁት። በአማርኛ፣ ከዚያ ስናደድ በኖርዌጅኛ። ሰማኝ፣ ሰማኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። ሱቅ ውስጥ አታለውሽ ሌላ ሰጥተውሽ ነው፣ አብሽሪ፣ እንፈልገዋለን አለኝ። እሱ እኔን አጽናናኝ፣ ደብተሬ።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ወፍ ያለበት ሳይክል አይታችኋል ወይ እያለ ጠየቀ። ኩሽና ገብቼ ሰሐን ሳጥብ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 30። ጠዋት።

ገላዬን ስታጠብ አባዬ ወጣ። ነጠላ ጫማ አድርጎ።

ብሪን ባቡር ጣቢያ አገኘሁት፣ ሳይክል ማቆሚያው ጋ። አንድ በአንድ ጎንበስ እያለ ቱቦ ቱቦውን እየዳበሰ። አንድ ጎረምሳ ፖሊስ ዘንድ እየደወለ ነው። ሮጬ ደረስኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ታሟል አልኩ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ እየሰማ ታሟል አልኩ። ልጁ አፈረ፣ ስልኩን ዘጋ።

አባዬ በኖርዌጅኛ ቀስ ብሎ፣ የራሴን ነው የምፈልገው አለው። በዕድሜው ሙሉ የሰው ዕቃ ነክቶ የማያውቅ ሰው። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች፣ እኔ ነኝ እሷ።

ማክሰኞ፣ ጁን 2።

ከማዘጋጃ ቤቱ ነርሷ መጣች፣ ኢንግሪድ። ደግ ናት፣ ደግነቷ ነው የሚከፋው። የጣቢያውን ነገር ሰምታለች። ብቻውን እንደገና ከወጣ ሲከየም፣ አረጋውያን መጦሪያ፣ እንዲገባ ማመልከት አለብን አለች። የሚያየው ሰው አለው፣ የምንበላው አብረን ነው፣ ቤቱን ያውቃል አልኳት። አዎ፣ አዎ አለች፣ ግን መንገድ ላይ መኪና አለ አለች። እውነቷን ነው።

ሲከየሙን ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ፣ ሙቅ። አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው የለም። አባዬ ደግሞ ኖርዌጅኛው እየሄደ ነው፣ ኋላ የመጣ ቀድሞ ይወጣል። እዚያ ከገባ ከማን ጋር ያወራል?

ምነው ያን የወፏን ጥላ ባልፈገፈግኩት። ጥላው ብቻ ቢቀር ይበቃው ነበር።

ሐሙስ፣ ጁን 4። 11፡30።

ፎቶ አገኘሁ። የአራት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ከኋላው የልጅ ወንበር ላይ፣ ቆብ አጥልቄ። ቱቦው ላይ ወፏ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ፎቶውን አጉልቼ አተምኩ፣ ወፏን ከወረቀቱ ቆረጥኩ፣ ቱቦው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ሸፈንኩ፣ በቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም ቀባሁ። ሱቅ ውስጥ ማጥፋት ነው እንጂ መሳል ማን አስተማረኝ።

ደረቀ። አመጣሁለት። መነጽሩን አድርጎ አየ፣ ዙሪያዋን በጣቱ ተከተለ።

ይቺማ ዶሮ ናት አለ።

ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ፣ ዕንባችን እስኪመጣ። ወላሂ ዶሮ ነው የምትመስለው። ስንጨርስ ተነሥቶ ጫማውን ይፈልግ ጀመር። ሳይመሽ ሳይክሌን ልፈልግ አለ።

በሩን ቆለፍኩ። አባቴ ላይ በር ቆለፍኩ። ሲታገለው ሰማሁ፣ ከዚያ ተወው፣ መሬት ቁጭ አለ።

ዓርብ፣ ጁን 5።

አለቃዬን ለመንኩት። ከሰኞ ጀምሮ ጠዋት ገብቼ 9፡00 እወጣለሁ። ደመወዙም ያንሳል፣ ይነስ። ቀን ኢንግሪድ የምትልከው ሰው አብሮት ይውላል። ከዚያ በኋላ የኔ ነው። ለኢንግሪድ ነገርኳት፣ ብቻውን አይወጣም፣ ከኔ ጋር ነው የሚወጣው አልኳት። እስቲ እንየው አለች። ሲከየሙን ለጊዜው አቆየችው።

እሑድ፣ ጁን 7። 12፡00 አልፏል።

ዛሬ ጀመርን። አሥር ሰዓት ላይ ጫማውን ራሴ አሰርኩለት፣ ና ሳይክልህን እንፈልግ አልኩት። ፊቱ በራ። ሰማያዊውን እኔ እየገፋሁ፣ እሱ ባዶ እጁን። ቢደክመው ይደገፈዋል ብዬ ነው። ጣቢያው ጋ ቆምን፣ እያንዳንዱን አየን፣ እሱ በኖርዌጅኛ አይደለም እያለ። ኔይ። ኔይ። ይቺም አይደለችም። ሰው ሲያየን ጤና ይስጥልኝ እንላለን፣ ማንም አልደወለም።

ስንመለስ አግዳሚ ላይ አረፍን። ዘይነብ አለኝ። ዘይነብ እህቱ ናት፣ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ። አላረምኩትም፣ ማረም ደክሞኛል። እሺ ወንድሜ አልኩት።

ስለ ሳይክሉ አወራኝ። እኔ እንግዲህ አርጅቻለሁ፣ ጉልበቴም አይችልም አለ። ለራሴ አይደለም የምፈልገው፣ ለልጄ ነው አለ። ሕፃን ሆና ከኋላዬ ሳስቀምጣት ታለቅስ ነበር፣ ኮርቻው ላይ ያለችውን ወፍ እያት ስላት ዝም ትላለች፣ በጣቷ ትደባብሳታለች፣ ፍቃ ፍቃ ጨረሰቻት አለኝ። በየቀኑ፣ እስከ መዋዕለ ሕፃናቱ ድረስ።

እኔ አላስታውስም። ምንም።

አሁን ሳይክል ትሠራለች፣ እጇ ወርቅ ነው፣ ስናገኘው ለሷ ነው የምሰጣት አለ። ከዚያ ክንዴን ያዘኝ። እንዳትነግሪያት፣ ዘይነብ፣ ሳታስበው ነው የምሰጣት።

አልነግራትም አልኩት።

እጄ አጠገብ ነው ያለው፣ ሳይክሉ። ዶሮዋ ላይ አቧራ አርፏል። ነገም አሥር ሰዓት እንወጣለን።